አፄ ምኒልክ፣ የእንጦጦ ዛፍና የእኛ ምንጭ



በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የምንወያይበት አንድ ከባድ አጀንዳ እንዳለ ታውቃላችሁ። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ማኅበራችን ያለማው ባሕር ዛፍ ለአጣና ደርሷል። ከመካከላችን ብዙዎች ቆርጠን እንሽጠው፣ ጉቶው ተመልሶ ያቆጠቁጣልና ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላ ገቢ እናገኛለን ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ምንጩ ከጥር በኋላ እየቀጠነ ሄዷል፣ ዛፉ ከተቆረጠ ወዲያ ጉቶው ከነሥሩ ተነቅሎ ቦታው በአገር በቀል ዛፍ ይተካ ይላሉ። ባለፈው ስብሰባ ነገሩ ወደ ቁጣ ሊሄድ ሲል በይደር ተያዘ።

ለዚህ እትም ጽሑፍ እንድናቀርብ ስንጠየቅ የማኅበሩን ሂሳብ ስለምንይዝ ስለ ቁጠባና ብድር እንጽፍ ነበር ያሰብነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ከልባችን አልወጣ አለ። ስለዚህ ዛፍ በማለቁ ከተማውን ጥሎ ለመሄድ አስቦ ኋላ ግን መቅረትን የመረጠ አንድ ሰው ሕይወት ለመጻፍ ወሰንን። ሰውየው ሁላችንም የምናውቃቸው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ናቸው። በአድዋ፣ በባቡሩና በስልኩ እናውቃቸዋለን። ከማገዶና ከችግኝ ጋር የነበራቸውን ጉዳይ ግን ብዙዎቻችን አናነሳውም። ለእኛ ለጋይንት ሴቶች የሚቀርበን ግን ይኸኛው ነው።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በአንጎለላ ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። ልጁ ሣህለ ማርያም ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸው ገና አሥራ አንድ ሲሆን አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ለማስገበር ዘመቱ፤ አባታቸውም በዚያው ዘመቻ ሰሞን በሕመም ሞቱ። ልጁም ተማርከው ወደ ቴዎድሮስ ቤት ተወሰዱ፣ ኋላም መቅደላ አምባ ላይ ተቀመጡ። ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የሚወስደው መንገድ የእኛን ጋይንት አቋርጦ፣ በጨጨሆ በኩል የሚያልፍ ነው። ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያስጎተቱት በዚሁ በኩል መሆኑን አያቶቻችን ሲያወሩ ሰምተን አድገናል።

ምኒልክ አሥር ዓመት ያህል ከኖሩበት ከዚህ የግዞት ኑሮ በሰኔ 1857 ዓ.ም. አመለጡ። በመንገዳቸው ወርቂት የተባሉት የወሎ ገዢ ተቀብለው በሰላም ወደ አገራቸው እንዲያልፉ ረዷቸው። ወይዘሮዋ ልጃቸው በቴዎድሮስ እጅ ስለነበረ ይህን ማድረጋቸው በልጃቸው ሕይወት የከፈሉት ዋጋ ሆነ። የሸዋ ሕዝብም የንጉሡን ልጅ በደስታ ተቀበለ። ምኒልክ በሃያ አንድ ዓመታቸው የሸዋ ንጉሥ ሆኑ።

እዚህ ላይ ስለዚያ ዘመን የቤተ መንግሥት ኑሮ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ያለዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር አይገባም። ከጎንደር ዘመን መዳከም በኋላ የአገራችን ነገሥታት ብዙውን ጊዜ አንድ ቦታ ተተክለው አልኖሩም። ንጉሡ በሄዱበት መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪው፣ አጋሰስ ነጂው ሁሉ ይከተላል። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚሰፍርበት ሰፈር በየቀኑ ማገዶ ይፈልጋል። ለድንኳን ካስማ፣ ለጎጆ ማገርና ቋሚ፣ ለአጥር እንጨት ይቆረጣል። ጥቂት ዓመት ሲቆዩ በዙሪያው ያለው ደን ይመናመናል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ተነቅሎ እንጨት ወዳለበት ሌላ አምባ ይሄዳል። ምኒልክም በወጣትነታቸው እንደዚሁ ኖረዋል። አንኮበር፣ ልቼ፣ ወረኢሉ፣ ከዚያም በ1870ዎቹ እንጦጦ መቀመጫቸው ነበሩ።

ለሚሄደው ሰው ይህ አኗኗር ቀላል ነው፤ ያበላሸውን ነገር መልሶ አያየውም። ለሚቀረው ግን ከባድ ነው። ንጉሡ ሰፈር ሲለቅቁ በዚያ የሚቀረው ገበሬና ሚስቱ ነበሩ። ራቁቱን የቀረው ተራራ፣ የተሸረሸረው ማሳና እየራቀ የሄደው የማገዶ እንጨት የእነሱ ሆኖ ይቀር ነበር።

በ1875 ዓ.ም. ምኒልክ እቴጌ ጣይቱ ብጡልን አገቡ። ጣይቱ ዘራቸው ከስሜንና ከቤጌምድር ታላላቅ ቤተሰቦች የሚመዘዝ፣ ፊደል የቆጠሩ፣ ያገራችን ልጅ ናቸው ልንል የምንችላቸው ሴት ነበሩ። እንጦጦ ለጦር መጠበቂያ የተመቸ ቢሆንም ብርዱ እንደ እኛው ንፋስ መውጫ አጥንት የሚሰብር ነው። እቴጌዋ ከተራራው በታች ባለው ፍል ውኃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበርና ቦታውን ወደዱት። በ1879 ዓ.ም. እዚያ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱም እየተከተሉ በየኮረብታው ቤት ሠሩ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ከተቀቡ በኋላ ሠራዊቱና ሕዝቡ ወደ አዲሲቱ ከተማ ጎረፈ።

ዘመኑ ግን የጥጋብ ዘመን አልነበረም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የነበረው ክፉ ቀን የመጣው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በከብት በሽታ በሬው አለቀ፣ ማሳው ጦም አደረ፣ ሕዝቡ በረሃብ ረገፈ። ምኒልክ ያን ጊዜ ያደረጉት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይወሳል። በሬ ስለሌለ ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አደረጉ። ለመኳንንት ወገን የእጅ ሥራ ነውር በነበረበት ዘመን ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ ሲያነሱ ሌላው እንቢ ማለት አልቻለም። ይህን ጠባያቸውን በልባችሁ ያዙት፤ በዛፉ ነገርም ተመልሶ ይመጣል።

ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ ይበልጥ አደገች፤ ዛፏ ግን አለቀ። በእንጦጦና በዙሪያው የነበረው የጽድና የወይራ ደን ለግቢ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመኳንንት ቤትና ለሺዎች ምድጃ ተቆረጠ። ይህን ያደረገ አንድ ክፉ ሰው አልነበረም። መኳንንቱ ሰፊ አዳራሽ ሠሩ፣ ወታደሩ ጎጆውን ቀለሰ፣ እመቤቲቱ ወጥ አሠራች፣ ጠጅ ቤቱ እሳቱን አነደደ። ሁሉም የቤቱን ጉዳይ ብቻ ነበር የሚያስበው። ሁሉም እኔ የቆረጥኩት አንድ እንጨት ምን ያመጣል ይል ነበር። ድምሩን የሚሠራ ሰው ግን አልነበረም። ተራራው በተራቆተ ቁጥር እንጨቱን የሚሸከሙት ሰዎች መንገድ ረዘመ። ያም ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በሴቶችና በአገልጋዮች ጀርባ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ የእንጦጦን ቁልቁለት ጎንበስ ብለው እንጨት ተሸክመው የወረዱት እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

በ1886 ዓ.ም. ገደማ ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ ተራራ ውኃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አመጣ። ውኃ በቧንቧ ወደ ግቢው ኮረብታ ሲወጣ ያየ ሁሉ ተደነቀ። ቧንቧው ግን የሚያመጣው ተራራው የሰጠውን ውኃ ነው። ተራራው ከተራቆተ ዝናቡ እንደ ጎርፍ ወርዶ ይሄዳል እንጂ ሰርጎ ምንጭ አይሆንም። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ እኛ ሁላችን በየክረምቱ በደጃችን የምናየው ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ድል ከተገኘ በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ላኩ። ከተማዋም የአገር መዲና መሆኗ ታወቀ። የማገዶው ችግር ግን እየባሰ ነበር። ምኒልክም እንደ ቀደሙት ነገሥታት፣ እንደ ራሳቸው የወጣትነት ልማድም፣ ሰፈር ለመቀየር አሰቡ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ደን ባለበት አገር፣ አዲስ ዓለም የሚባል አዲስ መቀመጫ መሥራት ተጀመረ። ቤተ መንግሥት ታነጸ፣ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ተሠራ። መኳንንቱም ለራሳቸው ቦታ ማየት ጀመሩ። ነገሩ ቢቀጥል ኖሮ አዲስ አበባ እንደ ልቼ የታሪክ ስም ብቻ ሆና በቀረች፤ የአዲስ ዓለምም ደን ከጥቂት ዓመት በኋላ የእንጦጦ ዕጣ በደረሰው ነበር።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ሐሳቡን አስለወጡት። አንደኛው እንደ ድሮው ድንኳን ነቅሎ መሄድ የማይቻል መሆኑ ነው። ሌጋሲዮኖቹ የድንጋይ ቤት ሠርተዋል፣ ነጋዴው ሱቁን ከፍቷል፣ መኳንንቱ ብዙ ገንዘብ አፍስሰዋል። ሁለተኛው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1887 ዓ.ም. አካባቢ፣ ወደ አገር የገባ አንድ ዛፍ ነው። ይህም ዛሬ የምንከራከርበት ባሕር ዛፍ ነው። መጀመሪያ ያደገው አውስትራሊያ ነው። ወደ እኛ ያመጣው የምኒልክ አማካሪ የነበረ ሞንዶን ቪዳዬ የተባለ ፈረንሳዊ እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ስሙ ባሕር ዛፍ ሆኖ ቀረ።

የዚህን ዛፍ ጠባይ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጽድና ወይራ ለመድረስ የሰው ዕድሜ ሲፈልጉ ባሕር ዛፍ በአምስትና በስድስት ዓመት ለማገርና ለማገዶ ይደርሳል። ከብት ቅጠሉን አይበላውም። ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ምኒልክ ይህን አይተው ዛፉ እንዲስፋፋ አደረጉ። ችግኝ በርካሽ እንዲከፋፈል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን ተደረገ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአዲስ አበባ ሰው የከተማ ቦታውን በባለቤትነት እንዲይዝ የሚፈቅድ ደንብ ወጣ። ነገ ትነሳለህ የተባለ ሰው ዛፍ አይተክልም። ቦታው የራሱ መሆኑን ያረጋገጠ ሰው ግን ለልጁ ያስባል። መኳንንቱ በየግቢያቸው ተከሉ፣ ድሀውም በአጥሩ ዙሪያ ተከለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዛፍ አልባ የነበረችው ከተማ ከሩቅ ስትታይ ጫካ መሰለች።

ከተማዋ ሳትነሳ ቀረች። በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዛሬም ሕዝብ ይሳለምበታል። እኛ ይህን ታሪክ ስናነብ ከሁሉ የበለጠ የነካን ይህ ነው። ሌላ ደን ቆርጠው መኖር እየቻሉ፣ ይህን ሊከለክላቸው የሚችል ኃይልም በአገሩ ሳይኖር፣ ንጉሠ ነገሥቱ የጀመሩትን ቤተ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ትተው ባበላሹት ቦታ ላይ ቀሩ፤ ያበላሹትንም ለማቃናት ሞከሩ። በክፉው ቀን ዶማ ያነሱት ሰው በሰላሙ ቀን ችግኝ አስተከሉ። ለሥልጣን ብቻ የሚያስብ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሽንፈት ይለዋል፤ እኛ ግን ኃላፊነት እንለዋለን።

ይህን ስንል ምኒልክን ጻድቅ እያደረግናቸው አይደለም። በዘመቻቸውና በግብራቸው የተጎዱ ወገኖች ታሪካቸውን በሌላ ዓይን እንደሚያዩት እናውቃለን። የዛፉም ነገር ቢሆን ሌላ ገጽ አለው፤ ጽሑፋችንንም ያለዚያ ገጽ ብንዘጋው ሐሰት ይሆናል።

ባሕር ዛፍ ከተማዋን አዳነ፤ የጠፋውን ደን ግን አልመለሰም። ከሥሩ እንደ ጽድና ወይራ ደን ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም። ሥሩ ወደ ታችና ወደ ጎን ርቆ ውኃ ይስባል። ከተስፋፋ በኋላ፣ በምኒልክ የሕመም ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ዛፉ ጉድጓዱንና ምንጩን አደረቀ የሚል አቤቱታ በአዲስ አበባ ተሰምቶ ነበር። ብዙው ዛፍ ተነቅሎ በሌላ እንዲተካ ትእዛዝም ወጣ። ትእዛዙ ግን አልተፈጸመም።

ለምን እንዳልተፈጸመ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በዚያን ጊዜ ዛፉ የእያንዳንዱ ሰው ገንዘብ ሆኗል። የጎረቤቴ ይነቀል እንጂ የእኔ ለምን ይነቀላል ያላለ አልነበረም ብንል ብዙ አንሳሳትም። ትናንት ለሁሉ መድኃኒት የነበረው ነገር ዛሬ የግል ጥቅም ሆኖ የሁሉን ውኃ ሲጠጣ፣ ያን የሚያስቆም አቅም ከቤተ መንግሥትም ጠፋ። ንጉሡ በትእዛዝና በማባበል ማስተከል ችለው ነበር። ሰው የያዘውን ጥቅም በፈቃዱ እንዲተው ማድረግ ግን በትእዛዝ የሚሆን ነገር አይደለም። ያ የሚሆነው ሰዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ሲስማሙ ብቻ ነው።

ምኒልክ ከ1900 ዓ.ም. ወዲህ ጤናቸው እየታወከ፣ ኋላም አንደበታቸው ተይዞ፣ ብዙ ዓመት አልጋ ላይ ቆዩ። እቴጌ ጣይቱ ጥቂት ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ መሩ፤ በ1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱ ተባብረው ከሥልጣን አስወገዷቸው። ባለቤታቸውን ማስታመም ብቻ ቀረላቸው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ሞታቸውም ለብዙ ጊዜ ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ። ጣይቱ ከዚያ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥተው እስከ ሞቱበት እስከ የካቲት 1910 ዓ.ም. ድረስ እዚያው በጸሎት ኖሩ። ጽዱ ሲያልቅ ያዩ፣ ባሕር ዛፉ ሲበቅል ያዩ እኒያ ሴት የመጨረሻ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚያው ተራራ ላይ ነው። ዛሬ በእንጦጦ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የመመለስ ሥራ ሲሠራ ቆይቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶም ቢሆን ሰው ወደ መጀመሪያው ዛፉ ተመለሰ።

አሁን ወደ እኛ እንመለስ። መንግሥት ሳያዝ ሰው ተስማምቶ ተፈጥሮን ሊጠብቅ አይችልም የሚል ካለ፣ ከምኒልክ አገር ከሸዋ ራሱ መልስ አለ። በመንዝ የጓሳ ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ በተስማሙበት ቀን ብቻ ተከፍቶ ይታጨዳል። ያለቀኑ የገባ ይቀጣል። አለቃውን አባ ቄራ የሚሉት ሕዝቡ ራሱ የሚመርጠው ሰው ነው። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሰሞን ተቋረጠ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው። ጓሳም ዛሬ ሣሩ፣ ጭላዳው ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮው ያሉበት ቦታ ነው። የጠበቁት ሀብታሞች አይደሉም። ሣሩን ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት የሚፈልጉ፣ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካቸው ሰዎች ናቸው።

በእኛም አገር የሚጠበቅና የሚፈርስ ነገር ጎን ለጎን አለ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመ የውኃ እናታችን ነው። ርብና ጉማራ ከእሱ ተነስተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በራሱ ላይ ያለው ጅብራ፣ አስታና ጓሳ የዝናቡን ውኃ እንደ ስፖንጅ ይዘው ለበጋ ያቆዩታል። ነገር ግን እርሻው በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ይገፋል፣ አስታው ለማገዶ ይቆረጣል። የሚገፋው ሁሉ አንድ ጥማድ ምን ያመጣል ይላል። በሌላ በኩል በደቡብ ጎንደር ስንዞር አገር በቀል ደን የምናየው በአብዛኛው በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ነው። ከእነዚህ ደኖች አንዳንዶቹን ምእመናኑ ከማሳቸው በለቀሙት ድንጋይ ካብ ሠርተው አጥረዋቸዋል። ከብት አልገባም፣ ከውስጥም አዲስ ችግኝ በቀለ። የማሳው ድንጋይ ተነሳ፣ ደኑም ተጠበቀ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለ ራሳችን ተዳፋት ደግሞ በእውነት እንነጋገር። የማኅበሩን መዝገብ የምንይዘው እኛ ነን። ባለፈው ጊዜ አጣና ስንሸጥ ገቢውን በትክክል መዝግበናል፣ ደረሰኙም አለ። ከዚያ ገንዘብ ለልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የተበደሩ እናቶች ስም አለ፤ በግ ገዝተው ያረቡ አሉ። ባሕር ዛፍ ለእኛ ክፉ አልዋለም። ማገዶ ስላገኘን ኩበቱን ከማንደድ ተርፈን ለማሳ ያዋልነውም በእሱ ነው። ይህን መካድ ውለታ ቢስነት ነው።

ነገር ግን በመዝገባችን ውስጥ ያልገባ ወጪ አለ። ምንጩ ሲቀጥን ጀሪካን ይዘው ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሰዓት የት ተመዘገበ? ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ ውኃ ቀድታ ትምህርት ቤት የምታረፍድ ልጅ በየትኛው ዓምድ ትገባለች? በየካቲትና በመጋቢት ሩቅ ወርደን ስንቀዳ የጠፋው የእንጀራና የአረቄ ሥራችን በየትኛው ሂሳብ ይታያል? ገቢውን ብቻ እየጻፍን ወጪውን በጀርባችን ተሸከምነው። እንዲህ ያለ ሂሳብ ኦዲተር ቢያየው አይቀበለውም። ጥፋቱም የእኛ የመዝጋቢዎቹ ጭምር ነው፤ አይተን ዝም ብለናልና።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ምንጩ የማኅበሩ አባል ያልሆኑትም ናቸው። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን ከአጣናው አንድ ብር አላገኙም፤ ውኃውን ግን ከእኛ እኩል አጥተዋል። የራስ ወዳድነት ነገር ሲነሳ ሁልጊዜ የምናስበው ሌላ ሰው ነው፤ የወል ግጦሹን ያረሰው ባለጉልበት፣ የጉናን አስታ ለከሰል የቆረጠው ነጋዴ ይታየናል። ስለእነሱ አቤት ለማለት አፋችን የሚከፈተው ግን የራሳችንን ጉቶ ከነቀልን በኋላ ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ይህን እናቀርባለን። የደረሰው ዛፍ ይቆረጥ፣ ይሸጥ፣ ገንዘቡም እንደ ልማዳችን ለብድር ይዋል። ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ያለው ጉቶ ግን ይነቀል፤ ቦታው ተከልሎ ኮሶ፣ ጽድና አምጃ ይተከልበት። ከምንጩ ርቆ ባለው ድንጋያማ መሬታችን ላይ ባሕር ዛፉ ይቆይ፤ ማገዶም ገቢም ያስፈልገናልና። ጉቶ መንቀል ከባድ ሥራ ስለሆነ ከሽያጩ ጥቂቱ ለዚያ ይመደብ፣ ጉልበቱን ግን በደቦ እናውጣ። የሚቀጥሉት ዓመታት ገቢያችን እንደሚቀንስ እናውቃለን፤ ለብድር የሚጠባበቁ አባላትም ወረፋቸው ሊረዝም ይችላል። ይህን ሳንደብቅ ቁጥሩን በጉባኤው ዕለት እናሳያለን። ደጋፊዎቻችንም ይህን ዓመት ስትመዝኑን በገቢያችን መቀነስ ብቻ እንዳትመዝኑን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አፄ ምኒልክ አዲስ ዓለም የሚባል መሄጃ ነበራቸው፤ ሆኖም ቀሩ። እኛ መሄጃ የለንም። እናቶቻችን የተቀበሩት እዚህ ነው፣ ልጆቻችንም ውኃ የሚቀዱት ከዚህ ነው። በምኒልክ ዘመን የነበሩት ሰዎች ዛፉን ተክለው፣ መንቀል ሲያስፈልግ ግን ተሳናቸው። እኛ ተስማምተን ብንነቅል ንጉሡ በትእዛዝ ያልሆነላቸውን ነገር በማኅበር አደረግነው ማለት ነው።

በጉባኤው ዕለት ማንም እንዳይቀር። የማትስማሙ ደግሞ በተለይ ኑ፤ ያላችሁን ምክንያት ሰምተን አብረን እንወስን።

ቸር ይግጠመን፤ ምንጫችንንም አይንጠቀን።